ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር ላይ ከሚሰሙት ጥያቄዎች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚለው ይመስለኛል። መዝገብ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው? አዳራሹ አልተከፈተም፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው? መልሱም የታወቀ ነው፤ «እገሌ ጋ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለሥልጠና ወጥቷል።» ባለጉዳዩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ነገ ይመለሳል። ነገም ካልሆነ ከነገ ወዲያ። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከበሩ ወደ ማሽኑ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ የምንጠይቀው «ፓስዎርዱ ማን ጋ ነው?» ብለን ነው።

የዚህን ጥያቄ ታሪክ ላወጋችሁ አስቤያለሁ። የማየውም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከግልገል በለስ በኩል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከማዕከል በራቅን ቁጥር ቁልፍ ይወደዳል። አዲስ አበባ ላይ ቁልፍ የያዘው ሰው ቢጠፋ ታክሲ ተይዞ ይፈለጋል። ግልገል በለስ ላይ ቢጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ካርታውን ያየ ሰው ይረዳኛል። ግልገል በለስ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት። መተከል ቀድሞ የጎጃም አውራጃ ነበር፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ በተዋቀረው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ገባ። የክልሉ መዲና አሶሳ ግን ከዓባይ በስተደቡብ ናት፤ መተከል ደግሞ ከዓባይ በስተሰሜን። ወንዙ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ለረጅም ዓመታት ከግልገል በለስ ተነሥቶ ወደ ገዛ ክልሉ ርእሰ ከተማ የሚሄድ ሠራተኛ በቻግኒ በኩል ወጥቶ፣ የአማራንና የኦሮሚያን መሬት አቋርጦ፣ ዞሮ ዞሮ ነበር አሶሳ የሚደርሰው። አንድ ፊርማ ለማስፈረም የቀናት መንገድ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር ላይ «ከሩቅ ሆኖ መክፈትና መዝጋት» የቴክኖሎጂ ቅንጦት አይደለም፤ የአስተዳደር ህልውና ነው።

ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ደግሞ ዛሬ አልተጀመረም። በድሮው ሥርዓት የነገሥታቱ «ፓስዎርድ» ማኅተም ነበር። ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ማኅተም ካላረፈበት ወረቀት ነው። ማኅተሙን የሚጠብቀውም ጸሐፌ ትእዛዝ ይባል ነበር። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስማቸው የገነነው ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈሩ ባለሥልጣን ነበሩ። የኃይላቸው አንዱ ምንጭ ትእዛዙና ማኅተሙ በእጃቸው ማለፉ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ከቦታቸው ተነሥተው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። ልብ በሉ፤ ሰውዬው ወደ አርሲ ሲሄዱ ማኅተሙ አብሯቸው አልሄደም። ቤተ መንግሥት ቀረ። ማኅተሙ የወንበሩ እንጂ የሰውዬው አልነበረማ! ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

ቀጥሎ የመጣው ስልክ ነው። ራስ መኰንን ከጣሊያን ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጥተው ቤተ መንግሥት ተተከለ ይባላል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1894 ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር መስመር ማሠራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ፈረሰኛ መላክ ሳያስፈልጋቸው ሹማቸውን ከሩቅ ማዘዝ፣ መጠየቅና መቆጣጠር ቻሉ። ነገር ግን መስመሩ በስልከኛው እጅ ያልፋል። ስልከኛው ካላገናኘ ንጉሡም ከግድግዳ ጋር እንደማውራት ነው። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር መሀል ላይ የሚቀመጥ አዲስ ባለ ቁልፍ አብሮ ይመጣል።

ኮምፒውተርም ይዞት የመጣው ይህንኑ ነው። ፓስዎርድ የሚባለውን ነገር በኮምፒውተር ላይ ቀድመው ከተጠቀሙት መካከል በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፈርናንዶ ኮርባቶ ቡድን ይገኛል። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ማሽኑ ደግሞ ብዙ ሰው በየተራ የሚጋራው አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የሰዓት ራሽን ተመደበለት፤ ራሽኑን ለመለየት ፓስዎርድ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1962 አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃ ቢለው የሁሉንም ሰው ፓስዎርድ የያዘውን ፋይል ወረቀት ላይ አሳትሞ ወሰደና በሰው ስም እየገባ መሥራት ቀጠለ። ፓስዎርድ በተፈጠረ በዓመት በሁለት ዓመቱ ተሰረቀ ማለት ነው። አበሻ ብቻ አይደለም እንግዲህ።

ወደ እኛው አገር ልመለስ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ዘመን፣ «ወረዳ ኔት» የሚባል ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ከ600 በላይ ወረዳዎችን፣ ክልሎችንና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይትና በምድር መስመር ማገናኘት ነበር ዓላማው። ወንድሙ «ስኩል ኔት» በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ያስገባው ነው። ወረዳ ኔትን ብዙው ሰው የሚያስታውሰው በቪዲዮ ስብሰባው ነው፤ የወረዳ ካቢኔ ስክሪን ፊት ተደርድሮ ከአዲስ አበባ የሚሰጠውን መመሪያ ሲያዳምጥ። ነገር ግን ከአገልግሎቶቹ መካከል ብዙም ያልተወራላት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ዳይሬክተሪ» ትባላለች፤ በአማርኛ ማውጫ። ቪዲዮው ጭብጨባውን ወሰደ፤ ዋናው ጉዳይ ግን ማውጫዋ ነበረች ብል አላጋነንኩም።

በዚያው ዘመን ሒሳብ ወደ ኮምፒውተር ገባ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በተመራው የፋይናንስ ማሻሻያ የተሠራው «አይቤክስ» የተባለው የበጀትና የወጪ ሲስተም እስከ ወረዳ ወረደ። ኔትወርክ ያለበት በመስመር፣ የሌለበት ለብቻው በቆመ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የወረዳው ቀሪ በጀት ሁሉ በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ገባ። እንግዲህ የዚያ ማሽን ፓስዎርድ ማን ጋ ነው?

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ያውቃል። ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ ለሠራተኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ይወጣል። ወንበር፣ ስቴፕለር፣ የቆሻሻ ቅርጫት ሳይቀር ተፈርሞ ነው የሚወሰደው። ሠራተኛው ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ንብረት ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል። አንዲት ስቴፕለር ብትጎድል ደመወዙ ይያዛል። የወረዳውን ሒሳብ ሁሉ የሚከፍተው ፓስዎርድ ግን ሞዴል የለውም! በጭንቅላቱ ይዞት ይገባል፤ በጭንቅላቱ ይዞት ይወጣል። ማኅተሙ ወደ አርሲ ሄደ ማለት ይኼ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአይሲቲ ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ከለቀቀ ከራርሟል። ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር ይደወልለታል። ልጁ ጨዋ ነው፤ «አይዞሽ እትዬ፣ ጻፊ» ብሎ በስልክ ፊደል ያስቆጥራል። እሷም እንዳትሳሳት ጮክ ብላ ትደግመዋለች። «ትልቁ ኤ... እሺ... ትንሿ ኤስ... ቀጥል...» ለባለጉዳይ ወረፋ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሰማል። ልጁ ስልኩን ያላነሣ ቀን መሥሪያ ቤቱ ሥራ የለም። እኔን የገረመኝ ይህን ማንም እንደ ችግር አለማየቱ ነው። «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዛሬም ይረዳናል» ይባላል። መረዳቱስ መልካም፤ ባይረዳስ?

ባይረዳ ምን እንደሚሆን የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ቴሪ ቻይልድስ የተባለ የከተማው መስተዳድር የኔትወርክ ባለሙያ ከአለቆቹ ጋር ተጋጨና የከተማዋን ዋና ኔትወርክ ፓስዎርድ አልሰጥም አለ። ታሰረ፤ እስር ቤት ሆኖም አልሰጥም አለ። በመጨረሻ የዚያን ጊዜው ከንቲባ ጋቪን ኒውሰም ራሳቸው ወኅኒ ቤት ድረስ ሄደው ለእሳቸው ብቻ ሰጣቸው። በ2010 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ አራት ዓመት ፈረደበት። እኔ ግን ከቻይልድስ ጥፋት ይልቅ ትኩረቴን የሚስበው ሌላ ነው። በሀብታም አገር፣ የኮምፒውተር ጥበብ በሚፈልቅበት ሰፈር አጠገብ፣ የአንድ ታላቅ ከተማ ቁልፍ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዲቀመጥ የፈቀደ ማን ነው? እሱ ቁልፉን አልሰረቀም፤ ዓመታት ሙሉ ማንም ሌላ ሰው አልያዘለትም እንጂ።

መፍትሔው ታዲያ ምንድን ነው? ከላይ የጠቀስኳት ማውጫ ናት። አሳቡ የመጣው ከስልክ ማውጫ ነው። የዓለም የቴሌኮም ድርጅቶች ሰዎችንና አድራሻቸውን በአንድ ወጥ መዝገብ ለመያዝ ሲነጋገሩ «ኤክስ 500» የተባለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1988 አወጡ። ደንቡ ከባድ ነበርና በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ «ኤልዳፕ» የተባለ ቀለል ያለ ዘዴ በ1993 ተሠራ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2000 «አክቲቭ ዳይሬክተሪ»ን ከዊንዶውስ 2000 ጋር አወጣ። በየቢሮው ዛሬ ጠዋት ጠዋት ስማችንን ጽፈን የምንገባው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

አሠራሩን በዕድር ላስረዳ። ድንኳን ልትዋስ ወደ ዕድር ዕቃ ቤት ስትሄድ ዕቃ ቤት ጠባቂው የአባትህን ስም ስለሚያውቅ አይደለም የሚሰጥህ፤ መዝገቡ ላይ ስምህ ስላለ ነው። መዝገቡ አንድ ነው። የለቀቅክ ዕለት ስምህ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ወንበሩም በአንድ ጊዜ ይቀርብሃል። ማውጫው እንደዚሁ ነው። «የማንዱራ ወረዳ ሒሳብ ሠራተኞች» የሚል ቡድን ይፈጠራል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለቡድኑ ነው፤ ለአቶ እገሌ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ የሚጻፈው «ከዚህ ቡድን የሆነ ይግባ፤ ያልሆነ አይግባ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። አቶ እገሌ ሲዛወር ስሙ ከቡድኑ ይወጣል፤ የተካው ይገባል። ሰርቨሩን የነካው ሰው የለም፤ ፓስዎርድ በስልክ የጮኸም የለም። እያንዳንዱ በራሱ ስምና በራሱ ፓስዎርድ ስለሚገባም ማን ምን እንደሠራ ይታወቃል።

ከሩቅ የሚገባበት በርም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ቀድሞ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ፓስዎርዱ በመስመሩ ላይ እርቃኑን ነበር የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስዎርድ ተለቃሚ ቢገኝ ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ ተመራማሪ ንግግሩን ሁሉ የሚያመሰጥር «ኤስ.ኤስ.ኤች.» የተባለ መግቢያ ሠራ። የበሩ ቁጥር 22 ነው። አጋጣሚ ሆኖ እንደ ሞዴላችን! ጉዳዩ ግን በዚህ በር በፓስዎርድ ፋንታ «ቁልፍ» በሚባል ፋይል መግባት መቻሉ ነው። ቁልፉ እየተባዛ በየሰርቨሩ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም ሳይቆጠር ይቀራል። ሞዴል 22 የሚያስፈልገው ይኼኔ ነበር።

አንድ ሰርቨር ከሆነ በእጅ ይስተካከላል። መቶ ሰርቨር ሲሆንስ? ለዚህ የጅምላ ማስተካከያ መሣሪያዎች መጡ። ኖርዌይ ኦስሎ ላይ ማርክ በርጄስ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሲኤፍኤንጂን»ን ጀመረ፤ በ2005 «ፓፔት»፣ በ2012 «አንሲብል» ተከተሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ «ሰርቨሮቹ ሁሉ እንዲህ ሆነው ይገኙ» የሚል ጽሑፍ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ መሣሪያው ሁሉንም እንደ ጽሑፉ ያደርጋቸዋል። የትኛው ቡድን ይግባ የሚለውም መስመር በዚሁ ይታደላል።

እዚህ ላይ ግን ግልገል በለስን የሚመለከት ልዩነት አለ። አንሲብል በልማዱ ከማዕከል ይገፋል፤ እንደ ስልክ ትእዛዝ ነው። ስልኩ ሲደወል መስመሩ ከሌለ ትእዛዙ አልደረሰም። ሲኤፍኤንጂንና ፓፔት ደግሞ በየማሽኑ የተቀመጠ ታዛዥ አላቸው፤ እሱ ራሱ በየጊዜው ደንቡን ከማዕከል ይስባል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ አዋጅ ነው፤ መንገዱ የተከፈተለት ቀን መጥቶ ያነበዋል፤ እስከዚያው የመጨረሻ ባነበበው ይተዳደራል። መብራት ለሚሄድበትና መስመር ለሚቆራረጥበት ወረዳ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ማውጫውም ቢሆን ግልባጩ በቅርብ፣ በዞን ወይም በክልል ደረጃ ካልተቀመጠ በስተቀር መስመሩ በጠፋ ቀን ሰርቨሩ «መዝገቡን ማየት አልቻልኩም» ብሎ ባለቤቱን ደጅ ያስጠናዋል።

የጅምላ ነገር የጅምላ አደጋ አለው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ ያሠራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቆመ፤ አውሮፕላን ቀረ፣ ሆስፒታል ተስተጓጎለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የእኛው ንግድ ባንክ በሲስተም ሥራ ወቅት በተፈጠረ ስህተት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተደርጎ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ሲሰለፍ አይተናል። ከመሀል የሚወጣ ነገር ጥሩውም መጥፎውም እኩል ፍጥነት አለው። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ሁለት ማሽን ሞክሮ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ የግድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ቁልፉን ከሰው ጭንቅላት አውጥተን መዝገብ ላይ ስናሰፍር፣ ኃይሉ መዝገቡን ወደሚጽፈው ሰው ይዛወራል። አዲስ አበባ ወይም አሶሳ ላይ የተቀመጠ አንድ ባለሙያ ስሙን ቡድኑ ውስጥ ቢጨምር የማንዱራን ሒሳብ ገልጦ ያያል። ወረዳው የራሱ በጀት፣ የራሱ ምክር ቤት ያለው አካል ነው። ከሩቅ መክፈት ይቻላል ማለት እንደፈለጉ ይከፈታል ማለት መሆን የለበትም። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ መልካም። ግን ፈቃዱን ራሱ የሚጽፈውን ሰው ማን ይቆጣጠረው? አዲሱ ጸሐፌ ትእዛዝ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ በሰፊው አልተዋወቅንም እንጂ።

መተከል ይህን ሁሉ በሰላም ጊዜ ብቻ እንዳላስብ ታስገድደኛለች። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዞኑ ውስጥ ብዙ ደም ፈሷል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቦታ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ዞኑም በኮማንድ ፖስት ሥር ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሠራተኛም ሰው ነውና ልጆቹን ይዞ ይሸሻል። ቢሮው ባዶ ይቀራል። የተፈናቀለው ሰው ማን እንደሆነ፣ መሬቱ የት እንደነበር፣ ደመወዙ እስከ መቼ እንደተከፈለ የሚናገረው መዝገብ ግን ማሽኑ ውስጥ ነው። ቁልፉ በሸሸው ሰው ጭንቅላት ብቻ ከሆነ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ተፈናቀለ፤ አንዴ ከቤቱ፣ አንዴ ከመዝገቡ። ቁልፉ ደግሞ ቢሮውን የያዘ ማንም ሰው የሚያገኘው ወረቀት ላይ የተለጠፈ ከሆነ ስም ዝርዝሩ ለክፉ ይውላል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ለዚህ አገር አዲስ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች አሉኝ። አንደኛ፣ ክሊራንስ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ስሙ ከማውጫው ቡድኖች ተሰርዟል፤ የያዛቸው ቁልፎች ተሽረዋል» የሚል፤ ባለሙያውም ይፈርምበት። ሁለተኛ፣ መስመር በጠፋ ጊዜ የሚያገለግል አንድ የክፉ ቀን አካውንት ይኑር፤ ፓስዎርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲከፈት ሁለት ሰው ፈርሞ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፤ ከተከፈተ በኋላም ይቀየር። ሙዳየ ምጽዋት እንኳ አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥረውም። ሦስተኛ፣ ቡድኖቹ ውስጥ ያሉት ስሞች በየሦስት ወሩ ጮክ ተብለው ይነበቡ፤ እንደ ዕድር ስም ጥሪ። የሞተ፣ የተዛወረ፣ የማይታወቅ ስም ካለ እዚያው ይሰረዝ። ማዕከሉ ውስጥ ስም የሚጨምረውና የሚያጸድቀውም አንድ ሰው አይሁን።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሲኤፍኤንጂንም፣ ፓፔትም፣ አንሲብልም በነጻ የሚገኝ ገጽታ ነበራቸው፤ ማውጫውም እንዲሁ። የሚጠይቀው ሹመትን እንደ ርስት፣ ቁልፍንም እንደ ጉልት ማየት መተውን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለው አገር ላይ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፓስዎርድ ይዞ መቅረት ላንዳንዱ የመጨረሻዋ መከበሪያ ናት፤ «ያለ እኔ አይሆንላቸውም» ለማለት።

ዛሬ ፋይዳ መታወቂያው፣ የአንድ መስኮት አገልግሎቱ፣ ግብሩና ደመወዙ ሁሉ ወደ ማሽን እየገባ ነው። ከእንግዲህ የሚቆለፍብን በር መዝገብ ቤቱ ብቻ አይሆንም። የምትሠሩበት ቦታ ለቃችሁ ክሊራንስ ስትዞሩ ወረቀቱን አገላብጣችሁ እዩት፤ ስለ ፓስዎርድ የሚጠይቅ መስመር ከሌለው ራሳችሁ በእጃችሁ ጻፉበትና የሚፈርምላችሁን ሰው ፈልጉ። ማን እንደሚፈርም ካልታወቀ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነም አይታወቅም ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።